በቀን የተወራው ተረት

ልጅ ሳለሁ የእኔ መዳኛ ዋጋ አንዲት እርጉዝ ላም ነበረች፤ ከአራቱ ላሞቻችን የተሻለችው። ያኔ ሁምቦ በነበረው ቤታችን ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ያድሩ ነበር። አባቴ ላሞቹን አስገብቶ፣ ቆጥሮ፣ ፍሙ ላይ ጭራሮ ጣል አድርጎ፣ ጭሱ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን ተረቱን ይጀምራል። ከዚያ በፊት በፍጹም። «በቀን ተረት የሚያወራ ከብቱ ይጠፋል» ይል ነበር። መቁጠሩን ከእሱ ወረስኩ።

ስወለድ አዋላጇ ሴት ልሁን ወንድ መለየት አቅቷት ነበር አሉ። እናቴ «ሴት ልጄ ናት» ብላ ታቀፈችኝ፤ ነገሩ በዚያ አለቀ። ያላለቀው የሽንቴ ነገር ነበር። መውጫው ጠባብ ስለነበር እያደር ይዘጋብኝ ጀመር፤ በሰባት ዓመቴ ያለ ለቅሶ አልሸናም ነበር። አንዲት ጎረቤታችን «ለመሆኑ ይቺ ልጅሽ ምንድን ናት?» ብትላት፣ እናቴ «የእኔ ናት። አንቺ የራስሽን ቁጠሪ!» አለቻት።

ላሟ ተሸጠችና አባቴ አዝሎኝ፣ እናቴም ተከትላን ሶዶ ሆስፒታል ገባን። ሐኪሙ «እንዲህ ሆነው የሚወለዱ ልጆች አሉ፤ እርግማን አይደለም። የሽንቷን መንገድ እንከፍትላታለን» አለ። እናቴ «እርግማን አይደለም» የምትለዋን ቃል አስደገመችው።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሊወስዱኝ ሲመጡ የአልጋውን ብረት ጨብጬ አልለቅም አልኩ። አባቴም በጠራራ ፀሐይ፣ ፍም በሌለበት፣ የመድኃኒት ሽታ በሚያፍነው ክፍል ውስጥ ተረት ጀመረ።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ከብቶቹ!» አለች እናቴ።

«የምትጠፋዋ ጠፍታለች፤ ዝም በይ።»

በተረቱ ውስጥ ጅብ የአንዲት ልጅ በር መግፋት ሲጀምር አባቴ ቀጥ አለ። «የቀረውን ስትነቂ» አለኝ። እጄ ብረቱን ለቀቀ።

ስነቃ አፌ እንደ ደረቀ «ጅቡስ?» አልኩ። አባቴ ዓይኑን በቡልኮው ጫፍ ጠረገ። መጨረሻውን አላሰበበትም ነበር መሰለኝ፤ «ቆሞ ቆሞ ሰለቸውና ሄደ» አለ። እንደዚያ ያለ የማይረባ መጨረሻ ሰምቼ አላውቅም፤ እስከ ዛሬ ግን ሲጨንቀኝ የምለው እሱኑ ነው።

ቁስሉ ደርቆ፣ ለሽንት የገባልኝ ቱቦ ወጥቶልኝ፣ ሳላለቅስ የሸናሁ ዕለት፣ በር ላይ የቆመው አባቴ ለበሽተኛው ሁሉ «ሸናች!» ብሎ ጮኸ። የማናውቃቸው ሴቶች እልል አሉ።

አሁን በሶዶ ገበያ ቅቤ ነግጄ ቤት የሠራሁ አሮጊት ነኝ። ሒሳቡን ስዘጋው፣ የሄደው ላሟና በሆዷ የነበረው ጥጃ ነው፤ ወልጄም አልሳምኩ፣ እሱም ይቆጠር። የገባው ደግሞ ሳልፈራ የተነሣሁበት ጠዋት ሁሉ ነው፤ እሱን ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ያን ጊዜ ከሆስፒታል ተመልሰን ቤታችን እንደ ደረስን አባቴ ከጀርባው ሳያወርደኝ ወደ ላሞቹ ሄዶ ቆጠረ። ሦስቱም ነበሩ።