«ቀጥ በሉ» እና የወንድሟ ዓይን

በክሊኒኩ በስሟ የሚጠራት የለም። የዓይን ነርሷን ሁሉም «ቀጥ በሉ» ይሏታል፤ ሕመምተኛው አገጩን ከማጉያው መሣሪያ ላይ ሲያሳርፍ ከአፏ የሚወጣው ይኸው ነውና።

የዚያን ጠዋት ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው አጥር ከርካሚው ታላቅ ወንድሟ ነበር። ግራ ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። እሾህ የገባው በደህናው፣ በቀኙ ነው!

«ማነው የነካካው?»

«ባልደረባዬ በወረንጦ ሊያወጣልኝ ሞክሮ ነው። የሁላችንንም እጅ እሾህ የሚነቅልልን እሱ አይደል!»

«ዓይን እጅ መሰላችሁ እንዴ? ሰብሮ ጫፉን አስቀርቶታል!»

«ትቆጪኛለሽ ወይስ ታወጪልኛለሽ?»

«ሁለቱንም። ቀጥ በል፣ ጋሼ!»

ማደንዘዣ ጠብ አድርጋ በማጉያው አየች። ከብሌኑ ፊት፣ መስታወት በመሰለው ሽፋን ላይ፣ ሽፋሽፍት የምታክል ስባሪ ተሰክታለች። ዘልቃ አልበሳችውም፤ ተመስገን! እጇ ንቅንቅ አላለም። በገባችበት አቅጣጫ በመርፌ ጫፍ ሳብ ስታደርጋት አመለጠቻት። እንደገና ያዘቻት።

«ወጣች!» ስትል ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ።

«እሰይ! በይ ሸፍኚልኝና ልሂድ።»

«አይሸፈንም! የተክል ስባሪ ሻጋታ ይዞ ይገባል። ሻጋታ ደግሞ ሙቀትና ጨለማ ካገኘ ሠርግና ምላሹ ነው። ጠብታህን እያደረግህ በየቀኑ እየመጣህ ትታያለህ።»

ወጣች ማለት ዳነ ማለት አይደለም፤ ይህን እሷ ታውቃለች። በየጠዋቱ የምትፈልገው፣ እንዳታገኘውም የምትጸልየው፣ የሻጋታ ምልክት የሆነውን፣ ቁስሉ ላይ የሚወጣውን ነጭ ነጥብ ነበር። አንድ ቀን ጉም መሳይ ነገር አይታ ምሳ አልወርድ አላት። በማግስቱ ጉሙ ሳስቶ አገኘችው! ከዚያማ እየጠራ ሄደ።

በመጨረሻ ፊደል ከተጻፈበት ሰሌዳ ፊት አቆመችው። ጣቷ በየመስመሩ ሲወርድ እሱም እየተከተለ አነበበ፤ የታችኛዋን ደቃቅ መስመር ሳይቀር! ከዚያ ዞር ብሎ ከሻሿ ጠርዝ የወጣውን ፀጉሯን አየ።

«ሚጣ፣ ሸብተሻል እንዴ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ታኮርፈው ነበር። አሁን ግን እየሳቀች ሻሿን ከራሷ ላይ አወለቀችው።

«የታለ? አሳየኝ! አንድ በአንድ አሳየኝ!»

ጋሼ ጎንበስ ብሎ አገጯን ያዘ።

«ቀጥ በይ» አላት።