አምስት ጣት በጤፉ ላይ

ከጎታው ጤፍ እየወጣ መሆኑን ያወቅሁት ጎድሎ ስላየሁት አይደለም። ሁለት ሦስት ጣሳ ቢነሳለት በዓይን አይለይም። ያወቅሁት በመዳፍ ነው።

ጤፍ ጎታ ውስጥ ሲገባ ላዩን በእጄ እደለድለዋለሁ። ከዚያ ክዳኑን በቀኝ እጄ ይዤ የግራ መዳፌን እጫንበታለሁ። አባቴም እንዲህ ያደርግ ነበር። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ የመዳፍን መስመር ሳይቀር ይይዛል። ከዚያ በኋላ ጣሳ የሰደደ ሰው ሁሉ ይታወቅበታል።

የግራ እጄ ቀለበት ጣት ከመካከሉ ወዲያ የለም። ገብስ ሳጭድ ማጭድ ወሰደው። በመጋቢት አንድ ጠዋት ክዳኑን ባነሳ፣ ጤፉ ላይ የታተመው መዳፍ አምስት ሙሉ ጣት አለው።

ቆሜ አየሁት። ጣቶቹ ቀጠን ቀጠን ያሉ ናቸው። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና ሚስቴ ብቻ ነን። ክዳኑን መልሼ ወጣሁ።

ነገሩ ለምን እንዳንገበገበኝ ልናገር። እኛ ጤፍ ዘርተን፣ አርመን፣ ወቅተን ለከተማ ሰው እንሸጣለን እንጂ አንበላም። የምንበላው በቆሎና ዳጉሳ ነው። ያ ጎታ ውስጥ ያለው ጤፍ ለኔ እህል አልነበረም፤ የክረምቱ ማዳበሪያ ነበር፣ የልጄም የቤት ኪራይ ነበር። ልጄ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። ጤፉ ግንቦት ሳይደርስ ካለቀ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ በሬ ይሸጣል፣ ወይ ልጅቱ ፈተናዋን ሳትፈተን ትመለሳለች። በሬውን ሸጦ በምኑ ያርሳል ሰው? ስለዚህ የምትመለሰው እሷ ናት። ይህን ለሚስቴ ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ።

እኔ ሰው አላምንም። በማመኔ ያተረፍሁት ነገር ስለሌለ ነው። ጅጋ ገበያ የነጋዴውን ጣሳ ገልብጨ ሳላይ ጨው አልገዛም፤ ታቹን ወደ ውስጥ የቀጠቀጠው ሞልቷል። ዘይት በሲኒ ሲሰፈርልኝ ሲኒውን አስደፍቼ አያለሁ። ወፍጮ ቤት ዱቄቴ ወርዶ እስኪያልቅ ከሥሩ አልነቃነቅም። ባለ ወፍጮው «ዱቄቱን እየጠበቁት ነው ወይስ እየሳሙት?» እያለ ሰው ያስቅብኛል። ይሳቅ። ጢሜ ላይ የቀረውንም አራግፌ ከጆንያው እጨምራለሁ።

ፊደል የቆጠርሁትም በዚሁ ነው። ልጅ ወልጄ ካሳደግሁ በኋላ፣ የጎልማሶች ትምህርት ተብሎ ቀበሌው ግቢ ዛፍ ሥር ሲጀመር ገባሁ። እውቀት ጠምቶኝ አይደለም። ከዚያ በፊት አውራ ጣቴን ቀለም እያስነኩ ወረቀት ላይ ሲያስጫኑኝ «ምን ይላል?» ስል «ግድ የለም፣ ጥሩ ነገር ነው» ይሉኝ ነበር። ጥሩ ነገር ከሆነ ማንበቡ ምን ይከብዳቸው ነበር? ይኸው አሁን ራሴ አነባለሁ። የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ያለውን ሳይቀር አነባለሁ።

ጥርጣሬየ ወዲያው የሄደው ልጅቱ ላይ ነው። ከጥር ጀምሮ ስንቋን ቀንሼባት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ የምትወስደውን በግማሽ አጎደልሁት፤ እሱም በቆሎ ብቻ። ስቀንስባት አላኮረፈችም። የተራበ ሰው ይጮኻል፤ እሷ «እሺ አባየ» ብላ ትንሿን ከረጢት አንጠልጥላ ሄደች። ወር ካለፈ በኋላም አልከሳችም። እንግዲያ ማን ነው የሚያበላት? የፍኖተ ሰላም ባጃጅ ነጂ ሁሉ አንድ ባንድ በዓይኔ መጣ። አሁን ደግሞ ጤፍ። እናትና ልጅ ተማክረው ላንዱ ጎረምሳ በኔ ጤፍ እንጀራ እየጋገሩለት ነው አልሁ።

ለሚስቴ ትንፍሽ አላልሁም። ጤፉን ደልድየ የራሴን መዳፍ ጫንሁበት። በሳምንቱ ባለ አምስት ጣቱ ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ በትሬን አነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ጨው ልገዛ።»

«ጨው አለ እኮ።»

«ያልቃል» አልኋትና ወጣሁ።

እስከ ጅጋ በእግሬ፣ ከጅጋ በሚኒባስ ሄድሁ። ከረዳቱ ጋር በመልስ ተጨቃጭቀን ፍኖተ ሰላም ወረድሁ። በበርበሬ ነጋዴዎቹ በኩል እያነጠስሁ አልፌ፣ ልጄ የተከራየችበትን ግቢ አገኘሁት። አከራይዋ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ጎመን ትቀነጥሳለች።

«ማንን ፈልገው ነው?»

«ልጄን።»

«የትኛዋን?»

«ስንት ልጅ አለኝና ነው የትኛዋን የምትይኝ?»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እኔ እንጃ! እናትየው ስንቅ ይዘው ሲመጡ ለሁለቱም እኩል ነው የሚሰጧቸው። መንታ የወለዱ መስሎኝ ነበር» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ሚስቴ እዚህ ግቢ ረግጣ እንደምታውቅ የሰማሁት ገና ከዚህች ሴት አፍ ነው። ለኔ የነገረችኝ የታመመች ዘመዷን ልትጠይቅ ጅጋ መሄዷን ነበር።

ክፍሏ ከጎታየ ብዙ አትበልጥም። ሁዳዴ ነው፤ ሰዓቱ ደርሶ ልጄና አንዲት የማላውቃት ልጅ ሽሮ አቅርበው ገና መቁረሳቸው ነው። የማላውቃት ልጅ «ኖር አባባ!» ብላ ተነሣች። የኔዋ ግን እጇ እንጀራው ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ አልተቀመጥሁም። ከበሩ ኋላ ተመለከትሁ።

«ምን ጠፍቶብህ ነው አባየ?»

«ምንም።»

«ከበሩ ኋላ?»

«ማነው የሚቀልብሽ?» አልሁ፤ መሸፋፈን አልወድም። ጎንበስ ብየ እንጀራውን አየሁት። «ይህ ደግሞ ጤፍ ነው።»

«ድብልቅ ነው። የበቆሎ እንጀራ በሁለተኛ ቀኑ እየተሰባበረ እማየ ትንሽ ጤፍ ጣል አረገችበት።»

«ትንሽ! ይችስ ማን ናት?»

ልጄ ነገረችኝ። አብራት የምትኖር ናት። አገሯ ከቡሬ ወዲያ በሽንዲ በኩል ነው። አባቷ በመኪና ስንቅ ይልክላት ነበር፤ መንገድ ተዘጋ ተብሎ መኪና ከቀረ ወዲህ ግን ምንም አልደረሳትም። ልጄ ለእናቷ ነገረቻት፤ እናቷም የሁለቱን ስንቅ ታመጣ ጀመር።

«እኔ የራሴን ልጅ ማብላት አቅቶኝ ስንቅ ቀንሻለሁ። የሰው ልጅ እንድቀልብ ደግሞ ማን ፈረደብኝ?»

ያች ልጅ አቀርቅራ ቆማለች። ቀስ ብላ የውሃውን ጣሳ አነሳችና እጇን ታጠበች። ገና ብዙም አልቀመሰችም።

ልጄ አፏ እንደኔ ነው። «አባየ፣ በጥር ስንቄን ስትቆርጠው ምን እየበላሁ የከረምሁ መሰለህ?»

«ይህንኑ ልጠይቅሽ አይደል የመጣሁት!»

«የሷን ነዋ! የአባቷን በቆሎ ነው ሁለት ወር ሙሉ ስበላ የከረምሁት። የመጣው ከመሶብ ይገባል፣ ከመሶብ አብረን እንበላለን። የኔ ይሄ፣ ያንቺ ያ ተባብለን አናውቅም። የሷ ሲቀር ታዲያ ምን ልበላት? ተራሽን ተራቢ?»

«ምንም አይደል እኮ አባባ» አለች ያችኛዋ፣ ወደ መሬት እያየች። «በቆሎ ነው።»

እኔ በዚህ አልረታም። ሁለት ልጆች ተማክረው የሚናገሩትን ቃል ሰምቶ የሚመለስ ሌላ ሞኝ ይፈለግ። «በሏ፣ በቆሎው የመጣበትን ጆንያ አሳዩኝ» አልሁ።

ልጄ ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም። ፍራሹን ገለጥ አድርጋ ከሥሩ የተነጠፉትን ባዶ ጆንያዎች አወጣች። አገላብጨ አየኋቸው። አፋቸው የተሰፋበት ክር ጫፍ ጫፉ አለ። ቀይ ነው። ቤቴ ውስጥ ያለውን ክር አውቃለሁ፤ የገዛሁት እኔ ነኝ። ነጭ እንጂ ቀይ ክር ከቤታችን ገብቶ አያውቅም። የጆንያውን ጥግ ጨምቄ የቀረውን ዱቄት በምላሴ ቀመስሁት። በቆሎ ነው፤ የኔ ግን አይደለም።

የማላውቀው ሰው ልጄን ቀልቦልኛል። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ስንቅ በመቀነሴ ቤቴን ያተረፍሁ መስሎኝ ነበር። ያተረፍሁት ከሱ ጎታ ኖሯል።

«ተቀመጡ እንጂ አባባ፣ ቆመው ቀሩ» አለችኝ የሰውየው ልጅ።

ተቀመጥሁ። አንድ ጊዜ ቆረስሁ፣ ለማጣራት። ከጤፉ በቆሎው ይበዛል። ሚስቴ ስትሰርቅም ቆጥባ ነው።

«አንችም ብይ» አልኋት ልጅቱን። ቃሉ ከአፌ የወጣው እንደ ቁጣ ሆኖ ነው፤ ሌላ ድምፅ የለኝም። እጇን እንደገና ታጥባ ቀረበች።

ቤቴ ስገባ ሚስቴ ዳጉሳ ታበጥራለች። ጨው አልያዝሁም፤ እሷም አልጠየቀችኝ።

«ግራ እጅሽን አሳይኝ» አልኋት።

ሰፌዱን አስቀምጣ ዘረጋችልኝ።

«ጣቱ ስንት ነው?»

«አምስት ነዋ፤ እግዜር የሰጠኝ!»

የራሴን ከጎኑ ዘረጋሁት። አየችው፤ መልሳ የራሷን አየች። ከዚያ በእጇ አፏን ያዘች። «ውይ! ውይ በሞትሁት! ይህን ሁሉ ዘመን አብሬህ ኖሬ ጣትህን ረሳሁት!» ብላ ከሳቋ ብዛት ከግድግዳው ተደገፈች። እኔን አንገብግቦኛል፣ እሷ ትስቃለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትፈቅድ ነበር?»

«አልፈቅድም።»

«ታዲያ ምን አርጊ ነው የምትለኝ?»

«ጤፉ ለግንቦት አይበቃም። ትምህርቱ ይብቃና ልጅቱ ትምጣ።»

ሳቋ ቆመ። «አምጣት» አለች። «ሁለቱንም አምጣቸው። ያችኛዋን ሽንዲ ድረስ ወስደህ ላባቷ አስረክብ። ልጅህ ልጄን ሁለት ወር አበላችልኝ፣ የኔ ተራ ሲደርስ ጤፌን ቆጥሬ መለስኋት በለው። አንተ አፍህ አያፍርም፣ ትነግረዋለህ።»

ዳጉሳዋን ማበጠር ቀጠለች። እኔ ደጅ ወጥቼ ቆምሁ። ለፋሲካ የምናደልበው በግ ግቢው ውስጥ ታስሯል። አየሁት፤ እሱም አየኝ።

በፋሲካ ሰሞን ጅጋ ወስጄ ሸጥሁት። ገዢው ጀርባውን ሲጨምቅ «ውሃ አጠጥተህ ነው ያመጣኸው» አለኝ። ሰው እንደኔ ሲሆን ደስ አይልም። በገንዘቡ በቆሎ ገዛን፤ የቀረውን ለማዳበሪያው ጨመርሁት። እሱም አልበቃ ስላለ የታችኛውን ማሳ ኑግ ልዘራው ቆረጥሁ፤ ኑግ ማዳበሪያ አይለምንም። ጾሙን በእንቁላል ፈታን። የልጆቹን ስንቅ ከዚያ ወዲህ የምሰፍረው እኔ ነኝ፣ ለሁለት ሰው፣ የጣሳውን አናት ሳልቆርጥ።

መዳፌን ግን አልተውሁም። በሳምንቱ ክዳኑን ሳነሳ የኔ እጅ፣ ጎዶሎ ጣቱ ሳይቀር፣ እንደነበረ አለ። ከጎኑ ደግሞ ሌላ መዳፍ ተጭኗል፣ ባለ አምስት።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አልኋት።

«የኔ ምልክት ነው። አንተም ጠላ ቤቱን ታውቀዋለህ፤ ጤፍ ተሸጦ ይጠጣል።»

ጤፉ ዘንድሮ ሁለት ዘበኛ ነው ያለው።

ልጆቹ ተፈተኑ። ውጤቱ ገና አልመጣም፤ ማን እንደሚያርመው አላውቅም፣ እንዴት እንደሚያርመውም አላውቅም። ፈተናው ካለቀ በኋላ፣ መኪናም መሄድ ሲጀምር፣ ከሽንዲ በኩል ጅጋ ድረስ አንድ ጆንያ በቆሎ ተላከልን። አፉ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ክሩን ሳልበጥስ ፈታሁት፤ ጠቅልየ ግድግዳው ላይ ሰካሁት፣ ያገለግላል። ከዚያ እጄን እስከ ትከሻየ ሰደድሁት። ሰው ከላይ ደህናውን አድርጎ ነቀዝ የበላውን ከታች ይከታል።

ሚስቴ ቆማ ታየኛለች። «አገኘህ?»

«ቆይ፣ ገና ነኝ።»

ከሥሩ ዘግኜ አወጣሁ። ከላዩ ጋር አንድ ነው፤ ንጹሕ በቆሎ። አንድ ፍሬ በጥርሴ ሰበርሁ። ከዚያ የበቆሎው ጎታ ውስጥ ገለበጥነው። በቆሎ እንደ ጤፍ መስመር ባይይዝም ደልድየ መዳፌን ጫንሁበት፤ እሷም እጄን ገፋ አድርጋ የራሷን ከጎኔ ጫነች።

ጣቶቿን ቆጠርሁ።