የእናቴ ዓይን በጠዋት ብርሃን

ባለፈው ሳምንት ከከሚሴ ወደ ደሴ በሚኒባስ ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ከቦርሳዋ የክኒን ማሸጊያ አውጥታ አንዷን ክኒን በአውራ ጣቷ ገፋቻት። ጠሽ አለች። ያቺን ድምፅ ስሰማ፣ ሴትዮዋን ሳላውቃት ዘወር ብዬ ዓይኗን አየሁ። ነጭ ነው። ደህና ናት ብዬ ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። እሷ ግን እንደዚያ ሳፈጥባት ቅር ሳይላት አልቀረም።

ምን እንደነካኝ ልንገርህ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ እናቴ የሳንባ ነቀርሳ ይዟት መድኃኒት ጀምራ ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለነው እሷና እኔ ብቻ ነን። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ክኒኑን ስትሰጣት፣ «ሽንትሽ ቀይ ይሆናል፤ እንዳትደነግጪ፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው» ብላ ነግራን ነበር። እኛም አልደነገጥንም። ሽንቷ እየጠቆረ የወፈረ ሻይ ሲመስል እንኳ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ብለን ደስ አለን። የጎረቤት ሽንኩርት ሲቁላላ ሽታው ሲያስታውካት፣ ምግብ ሲዘጋት፣ ድካም ነው አልን። ማታ ማታ ደግሞ አምፖላችን ቢጫ ስለሆነ ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ቢጫ ነው።

አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ከጨፋ ሸለቆ የእርጥብ ማሽላ ሽታ የያዘ ንፋስ ገባ፤ ፀሐዩም እናቴ ፊት ላይ አረፈ። የዓይኗ ነጭ እርድ የነካው መስሏል።

የእናቴ ወንድም ወሬውን እንደሰማ እየሮጠ መጣ። «ይሄ የወፍ በሽታ ነው። መርፌ የነካት እንደሁ አለቀላት። ሰንበቴ ገበያ መድኃኒቱን የሚያውቁ ሰው አሉ፣ እወስዳታለሁ» አለ። ከብት ነጋዴ ስለሆነ ሰንበቴን እንደ ጓሮው ነው የሚያውቃት። እውነቱን ለመናገር እኔም አመንኩት፤ በሰፈራችን መርፌ የወፍ በሽታን ያባብሳል ብሎ የማያምን አልነበረም። እናቴ ግን «አላህ ካለ እድናለሁ። መጀመሪያ ክኒኑን የሰጠችኝ ትየኝ» ብላ ድርቅ አለች። በባጃጅ ወሰድናት። ነርሷ ገና ስታያት ወደ ሆስፒታል ላከችን።

ሐኪሙ ደሟን አስመረመረና አስቀምጦ አስረዳን። የምንውጠውን መድኃኒት ሁሉ አጣርቶ ከሰውነት የሚያስወጣው ጉበት ነው አለ። የእናቴ ጉበት ግን ክኒኖቹን መቋቋም አቅቶት ተጎድቷል። «ክኒኑ አሁኑኑ ይቆማል። ቅጠልም ሆነ ሥር እንዳትጨምሩባት፤ እሱም የሚያልፈው በዚያው በተጎዳው ጉበት ነው» አለ። አጎቴ አንገቱን ደፋ። ዛሬ ሲያወራው ግን ሐኪሙን መጀመሪያ ያመነው እሱ ነው።

እኔ «ካቆመችስ ሳንባዋ?» ብዬ ጠየቅሁ። ብትውጥ ጉበቷ፣ ባትውጥ ሳንባዋ ሊገድላት ነው ማለት ነው።

ክኒኑ ሲቆም ቢጫው ቀስ እያለ ለቀቃት። የደም ምርመራዋ ሲስተካከል ሐኪሙ መድኃኒቶቹን ለያይቶ ተራ በተራ መመለስ ጀመረ። አንዱን ትጀምራለች፣ ደሟ ይታያል፣ ከዚያ ሌላው ይጨመራል። የትኛው እንደሚጎዳት የሚታወቀው እንዲያ ነው። ለእኔ ግን እያንዳንዷ ክኒን እናቴን ልትወስድ የመጣች ነበረች። ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ የሚኒባስ ረዳቶች «ደሴ፣ ደሴ» ማለት ሲጀምሩ ተነስቼ በሩን እከፍታለሁ። አገጯን ይዤ ወደ ብርሃኑ አዞራታለሁ፤ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ሳብ አድርጌ አያለሁ። እንዴት አደርሽ ማለት እንኳ ትቼ ነበር።

የመጨረሻዋ ክኒን በተጨመረች ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አገኘኋት። ሻሿን እስከ ዓይኗ ስባዋለች። «እማ፣ ዙሪ» አልኳት። አልዞረችም። በቃ፣ ተመልሶባታል፣ እንዳላይ ደብቃኛለች አልኩ። ትከሻዋን ይዤ ሳብኳት። ተነስታ ተቀመጠችና ሻሿን ከራሷ ላይ ገፈፈችው። ዓይኗ ነጭ ነው፤ እንባ ሞልቶታል።

«ኢንተላ ኮ» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው፤ ስታዝንልኝ በኦሮምኛ ነበር የምትጠራኝ። «በየጠዋቱ ሬሳ እንደሚያይ ሰው ነው የምታዪኝ። ዛሬ ዓይኔን ተይው። እኔን እይኝ።»

አየኋት። በየቀኑ ያንን ፊት በእጄ ስይዝ ኖሬ ጉንጯ መጎድጎዱን አላየሁም። ፀጉሯ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ሸብቷል። መቼ እንደሸበተ አላውቅም።