ከመዝገቡ የተመረጡት ስምንት ሴቶች

አሰፋች ከአርማጭሆ ቆላ ስትሰደድ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቷ መተማ ላይ ሰሊጥ ይነግድ ስለነበር ዐረብኛ በልጅነቷ ለምዳለች። ሱዳን ውስጥ፣ ሾዋክ አጠገብ ባለው የስደተኞች ሰፈር ሥራ ያስገኘላትም ይኸው ዐረብኛዋ ነው። መጀመሪያ ክሊኒክ ውስጥ ታስተረጉም ነበር። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት የካቲት ላይ ግን ሂያም የምትባል ተመራማሪ ከካርቱም መጣችና ለሥራዋ ጠየቀቻት።

ሂያም ማወቅ የፈለገችው ነገር ቀላል ይመስል ነበር። ለአንድ ድንኳን የሚታደለው ማሽላና ዘይት እንዴት ይከፋፈላል? ማን ቀድሞ ይበላል፣ ለማንስ ሳይደርስ ይቀራል?

"ድንኳን ለድንኳን እየዞርኩ ብጠይቅ ሁሉም 'አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን' ብሎ ይሸኘኛል" አለች። "ሴቶቹን ሰብስበን እርስ በርስ ሲያወሩ እንስማ። አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ ትጨርሰዋለች።"

ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጠው አቀዱ። ስምንት ሴት ይበቃል፤ ከበዛ ዓይን አፋሯ ዝም ትላለች። ዘመዳሞችና ጎረቤታሞች አንድ ላይ አይቀመጡም። የሹም ሚስት አትገባም። ሂያም ከእህል መጋዘኑ ጎን ልትሰበስባቸው አስባ ነበር። አሰፋች ግን "እዚያ ከሆነ ሊታደል ነው ብሎ መቶ ሰው ይመጣል" አለችና ከክሊኒኩ ጀርባ ያለውን የሣር ዳስ አሳየቻት። የውሃው ሰልፍ ካለቀ በኋላ፣ ረፋድ ላይ እንዲሆንም ተስማሙ። ከዚያ ሂያም የሰፈሩን መዝገብ ተውሳ ከሃያ እስከ ሠላሳ አምስት ዓመት ያሉትን ሴቶች እየቆጠረች በየአሥረኛው ስም ላይ ምልክት አደረገች።

መጥራቱ የአሰፋች ሥራ ነበር። መጀመሪያ የሄደችበት ድንኳን ደጃፍ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል።

"ሉሉ አለች?"

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት። "ውሃ ወርዳለች" አለ።

ስትመጣ ነገ ዳሱ ጋ እንድትመጣ ንገሩልኝ ብላ አለፈች። ሁለተኛው ድንኳን ውስጥ የተጠራችው ሴት ራሷ ወጣች። በሦስተኛው ግን አንዲት ልጃገረድ ያንኑ መለሰች፤ ውሃ ወርዳለች። አራተኛውም እንደዚያው። ከስምንቱ ድንኳን አምስቱ፣ ማዶና ማዶ ያሉ የማይተዋወቁ ሰዎች፣ አንድ ዓይነት መልስ ሰጧት። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ በዚያ ሰዓት ማንም ውሃ እንደማይወርድ አሰፋች ታውቃለች። ሆኖም ሰው ደክሞታል፣ ሊያነጋግረኝ አልፈለገም ብላ መንገዷን ቀጠለች።

በማግስቱ ስምንቱም መጡ። አምስቱ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው፣ መሬት መሬት እያዩ ተቀመጡ። ሂያም ስማቸው ከዳሱ እንደማይወጣ ቃል ገባችላቸውና ቴፑን ከፈተች። አጀማመሩ ደህና ነበር። በአገር ቤት በዚህ ወር ምን እንደሚበላ ተጠየቁ፤ ስለ ሽሮውም ስለ ኑጉም አወሩ፤ አንዷ ሳቀችም። ቀጥሎ ሂያም ድንኳን ውስጥ ማን ቀድሞ እንደሚበላ ጠየቀች።

"እኔ አልበላም" አለች ቱርካ ተብላ የተጠራችው ቀጭን ሴት። "ድርሻዬ ለእናቴና ለእህቴ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከድንበሩ፣ ከሐምዳይት ጀምሮ።"

አሰፋች ተረጎመችው። ሂያም ብዕሯን አቆመች። "ከተሻገሩ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ተሳስተሽ ይሆናል።"

"አልተሳሳትኩም። ያለችው ይህንኑ ነው።"

"እኔም አልበላም" አለች ከጎኗ ያለችው። ሌላዋም "እኔም" አለች። አምስቱም ተራ በተራ እንዲሁ አሉ። የቀሩት ሦስት ሴቶች ትንሽ በትንሽ ወደ ዳሱ ምሰሶ ሸሹ።

ቱርካ ማንም ሳይጠይቃት ቀጠለች። "ሰቲትን የተሻገርን ዕለት እግሬ አብጦ ነበር። ዛፍ ሥር አስተኙኝ። እናቴ ውሃ ልታመጣልኝ ወረደች። ስትመለስ ዝንብ ፊቴ ላይ አርፏል። እሽ አላልኩትም።"

አሰፋች እጇን ወደ ቴፑ ዘረጋች።

"ምን አለች?" አለች ሂያም።

"ማሽኑን አጥፊው።"

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ አሰፋች ለሂያም ነገረቻት። በመንገድ ወይም በታኅሣሡ ኩፍኝ ከሞቱት ብዙዎቹ ሞታቸው አልተነገረም፤ ቢነገር የራሽን ካርዳቸው ይቀደዳል። ስማቸው ሲጠራ አንድ የቤት ሰው አቤት ይላል። የዛሬዎቹ አምስቱም እህቶችና አማቶች ናቸው፤ በሟች ስም ስለተጠሩ መቅረት ፈርተው የመጡ። ሂያም መዝገቡን ዘጋችው። "ስሞቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ" አለች፤ ካሴቱንም ልታጠፋው ወሰነች።

አሰፋች ይህን ልትነግራቸው ወደ ቱርካ ድንኳን ሄደች። ዳሱ ውስጥ የተናገረችው ማሬ፣ የቱርካ ታናሽ እህት ነበረች።

"ለምን እንደዚያ ብለሽ ተናገርሽ?" አለቻት።

"እንጃ። በሷ ስም ጠየቃችሁኝ፣ አፌ መለሰ።"

እናታቸው እማማ እናኑ ከጥግ ሆነው ያዳምጡ ነበር። "ሳይጠፋ ልስማው፣ ልጄ" አሉ።

በነጋታው ሂያም ለእናትና ልጅ ቴፑን ከፈተችላቸው። እማማ እናኑ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

"ቱርካ ናት" አሉ።

"እኔ ነኝ፣ እማዬ። እኔ ነኝ የተናገርኩት።"

"ያንቺን ድምፅ አጥቼው ነው? 'ር' አይሆንላትም ነበር። ስሚያት።"

ሂያም ካሴቱን ወደ ኋላ መልሳ ከፈተችው። 'ሰቲትን የተሻገልን ዕለት' ይላል ድምፁ፤ 'ዛፍ ሥል አስተኙኝ።' ማሬ 'ር'ን እንደ ማንም ሰው አጥርታ ነው የምትናገረው። አሰፋች ትናንት ሁለት ክንድ ርቃ ተቀምጣ ሰምታታለች፤ እንዲህ አልነበረም። ማሬ አፏን በእጇ ይዛ ከማሽኑ ራቀች።

"አታጥፉት" አሉ እማማ እናኑ። "የቀበርናት ያለ ቄስ ነው። ከሷ ሌላ የቀረን የለም።"

ሂያም ካሴቱን ስም ሳትጽፍበት ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። እስክትሄድ ድረስ በየእሑዱ እማማ እናኑ እየመጡ አዳመጡት። ማሬ ሁለተኛ አልመጣችም። በመጨረሻው እሑድ አሮጊቷ ወደ ማሽኑ ጎንበስ ብለው "ደርሼ ነበር እኮ፣ ውሃውን ይዤ ነበር" ሲሉ አሰፋች ሰምታ ወደ ውጭ ወጣች።

ሂያም በጽሑፏ ላይ በዚህ ሰፈር አንዳንድ ሴቶች ድርሻቸውን ሙሉ በሙሉ ለቤተሰብ እንደሚተዉ ብቻ ጻፈች። የማንም ካርድ አልተቀደደም። ክረምቱ ሲገባ ማሬና እናቷ ከሌሎች ጋር ወደ አገራቸው ተመለሱ።

አሰፋች አልተመለሰችም። ገዳሪፍ ገብታ አግብታ፣ ለተለያዩ አጥኚዎች ሰው በማሰባሰብ ብዙ ዓመት ሠራች። ሰው ስትጠራ ግን መዝገብ አትይዝም። ውሃ መቅጃው ጋ ቆማ ምን እንደሚወራ ትናገራለች፣ የፈለገችው ትመጣለች። ስም ጻፊ ያሏትን አጥኚዎች እሺ አላለቻቸውም። አንዱ፣ አብዱልሰላም የሚባል ወጣት፣ ያለ ስም የመጣው ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል ብሎ ተከራከራት።

"በስም የመጣውስ በምን ይታወቃል?" አለችውና ምንጣፉን ማንጠፍ ጀመረች።