ጉልላት የሌለው ፎቅ

መሐንዲሱ ደጄ ላይ በቤቴ ቦታ የሚሠራውን አዲስ ፎቅ ፕላን ሲዘረጋ ወረቀቱ ተንኮሻኮሸ። ያ ድምፅ ወደ ጣሊያን ጊዜ መለሰኝ፤ ስምንት ዓመቴ ነበር።

የጣሊያኑ ሹም ቤታችንን አፍርሶ ሊሠራ ያሰበውን ፎቅ ሥዕል ለአባቴ አሳየው። አባቴ ቤት ሠሪ ነበር፤ ሣሩን ከድኖ አናቱ ላይ የሸክላ ጉልላት ሳይደፋ ከጣሪያ አይወርድም። ሥዕሉን አይቶ ለጣሊያኖቹ አዘነላቸው። ከሰል አነሣና የፎቁ አናት ላይ ጉልላት ሣለ።

«ጌታዬ፣ ያለዚህ ያፈሳል» አለ።

ሹሙ የተሳለቀበት መሰለው። አብሮት የመጣው ወታደር የአባቴን እጅ ድንጋይ ላይ አስደግፎ ጣቶቹን በሰደፍ አደቀቃቸው። ቤታችንንም አቃጠሉት።

ፎቁ ሳይሠራ ሄዱ። የአባቴ ጣቶች ግን እስኪሞት አልታጠፉም።

«እማማ፣ የወረቀቱን ጫፍ ይያዙልኝ» አለኝ መሐንዲሱ።

ፕላኑ ላይ የፎቁን አናት አየሁት፤ ባዶ ነው። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁ።