የስርጉዴ መዳፍ

ስርጉዴ ያሏት ስትስቅ ግራ ጉንጯ ስርጉድ ስለሚል ነው። ብረታ ብረት ቤት የገባችው ልትጠርግ ነበር። ግን እጇ አያርፍም፤ የተጠቀለለውን ላሜራ ሁሉ እንደ ሕፃን ጀርባ ትዳብሳለች። ዓይን የሳተውን መዳፏ ያገኘዋል። የቤቱ ከሲታ በያጅ ይህን ካወቀ ወዲህ እሷ ያልዳበሰችውን ዕቃ አያስወጣም፤ ለአለቃው ግን ያው ጠራጊ ነበረች።

አንድ ጠዋት ከስስ ላሜራ የተሠራ ረጅም ቱቦ አለቀ። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ የውኃ ታንከር አናቱ ላይ ሊሸከም ነው። ሊወስደው የመጣው የጭነት መኪና በር ላይ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። መዳፏ የቱቦው ወገብ አካባቢ ሲደርስ ቆመ። አውራ ጣት የምታህል፣ ስርጉድ ያለች ቦታ።

አለቃው መነጽሩን አድርጎ አየና ሳቀ።

«አንቺም እኮ ስርጉድ አለሽ፤ መቼ ወደቅሽ?»

ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ጉንጯ ሲሰረጎድ ጭራሽ ባሰባቸው። ግን ከተሳሳተች ከእንግዲህ ማንም አይጠይቃትም። ዝም ካለች ደግሞ ልጆቹ ውኃ የሚቀዱት ከሥሩ ነው።

ከቆሻሻው በርሜል ሁለት ባዶ የለስላሳ ጣሳ አወጣች። ከሲታውን በያጅ የአለቃውን ትከሻ ይዞ፣ በአንድ እግሩ ቀስ ብሎ አንዱ ላይ እንዲቆም ለመነችው። ቆመ፤ ጣሳው ቻለው። የሁለተኛውን ጎን በጣቷ ጫን ብላ ትንሽ ሰረጎደችው። በያጁ ወጥቶበት ገና ሙሉ ክብደቱን ሳይጥል ጣሳው ጭምድድ አለ፤ አለቃውን ይዞት ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ።

«ጋሼ፣» አለች፣ «የእኔ ስርጉድ የሚሸከመው ነገር የለም። ስስ ነገር ግን ጉልበቱ ክብነቱ ሙልት ማለቱ ነው። ትንሽ ከጎደለ ሸክሙ በዚያችው ገብቶ ያጥፈዋል።»

አለቃው ጣሳውን አገላብጦ አየው። በመዶሻ ብናወጣትስ ሲል፣ እዚያ ስትገባ እዚህ ታብጣለች አለችው። ሾፌሩን ነገ ና ብሎ ሸኘው፤ ስርጉዷ ያለችበትን ዙር ቆርጠው በአዲስ ላሜራ ተኩ።

«መጥረጊያውን ሌላ ሰው ይያዝ፤ እሷ ዕቃ ትዳብስ፣» አለ አለቃው ሲወጣ፣ ወደ እሷ ሳያይ።

ዛሬ ጉንጯ ተሸብሽቦ ያቺ ስርጉድ ከመስመሮቹ መሀል ጠፍታለች። በትምህርት ቤቱ ግቢ ስታልፍ ግን ቱቦውን ሳትዳብስ አትሄድም። ቀለሙ ተላልጧል። እሱ ቀጥ እንዳለ ነው። ያኔ ፈገግ ትላለች፤ ስርጉዷም ብቅ ትላለች።