ኦርጅናሉ አዳፕተር

አባቴ ከእኔ ጋር ሊኖር ከአዲስ አበባ ወደ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ሲመጣ ከእጁ ያልለየው አንድ ሻንጣ ነበር። ልብስ መስሎኝ ስከፍተው በጋቢ የተጠቀለለ አሮጌ ኮምፒውተር አገኘሁ። እኔ ልጅ ሳለሁ ጓዙን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ የገዛው፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካው ነው። ከሥሩ አዳፕተሩ ነበረ፤ ጥቁር፣ ጡብ የሚያክል፣ ከማሽኑ ይልቅ የሚከብድ።

ያን ኮምፒውተር አልረሳውም። አባቴ የአማርኛ ፊደላትን ነጥብ በነጥብ ስሎ፣ አንድ ጓደኛው ቺፕ በምትባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቁራጭ ላይ ጭኖለት፣ ማሽኑ ውስጥ አስበይዶታል። መጀመሪያ የጻፈው የእናቴን ስም ነበር። እናቴ እጇን እያደራረቀች ከወጥ ቤት መጥታ፣ "ይኼን ሁሉ ጊዜ የደከምከው ለዚህ ነው?" ብላ ሳቀችበት። ካረፈች ወዲህ ስሟን ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም። አሁን ግን ስሟን ቴሌቪዥን ላይ መልሶ ማየት ፈለገ። የዚያ ፊደል ቅጂ ሌላ ቦታ የለም፤ ቺፗ ከተቃጠለች አለቀ።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ሳላጣራ አንዲት ነገር አልሰካም። ሥራ ቦታ በምሳ ሰዓቴ ስልኬ ላይ ተደፍቼ ሳነብ፣ እነዚህ አዳፕተሮች ሲያረጁ ዝም ብለው እንደማይሞቱ ተረዳሁ። አምስት ቮልት መስጠት ሲገባቸው ከዚያ በላይ ይለቁና ማሽኑን ይዘውት ይሄዳሉ። ውስጣቸው እንደ ድንጋይ በደረቀ ሙጫ ስለተሞላ ከፍቶ መጠገንም አይቻልም። ስለዚህ የድሮ ኮምፒውተር ወዳጆች የሚሠሩትን አዲስ አዳፕተር አዘዝኩ፤ ከቮልት መለኪያ ጋር።

አባቴ አዲሱን በእጁ ገልበጥ ገልበጥ አደረገው።

"ይኼማ ክብደት የለውም። ፎርጅድ ነው።"

"ፎርጅድ አይደለም አባዬ፣ ሪፕሌስመንት፣ ምትክ ነው። የገዙት ሰዎች የጻፉትን ሪቪው አንብቤ ነው ኦርደር ያደረግኩት።"

"ኦርጅናሉ እያለ?"

ይኼ የቆየ አመሉ ነው። ለአንዲት የመኪና ፊልትሮ መርካቶን ሲዞር ውሎ፣ "ኦርጅናል ካልሆነ ይቅርብኝ" ብሎ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያነበብኩትን ሁሉ አንብቤም ያን ጡብ የሚያክል ኦርጅናል በእጄ ስመዝነው ልቤ ወደ እሱ አደላ። አስተዳደጌ ነው። እንደ ምንም ብዬ እኔ ሥራ እስከማልገባበት ቅዳሜ እንዲታገስ አስማማሁት።

ሐሙስ ጠዋት ጫማዬን ሳስር፣ "ያ ትራንስፎርመር የት ነው?" አለኝ። የአዲስ አበባውን መፍጫ የምንሰካበትን፣ የዚህን አገር መብራት ወደ 220 የሚያወጣውን ማለቱ ነው። ቸኩዬ ነበርና፣ "ቁም ሳጥኑ ሥር" ብዬው ወጣሁ። ኦርጅናሉን ሊሰካበት እንደሆነ የገባኝ በርንስቪል፣ ሥራ ላይ፣ ዕቃ ስደረድር ነው። ደወልኩ፤ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ አያነሳም። አለቃዬ "ሰው ታመመ?" ስትለኝ "አባቴ ነው" ብዬ ብቻ ወጣሁ።

መንገዱ ላይ በረዶው ቀልጦ ጨቅይቷል። እኔ የምፈራው ለዕቃው አልነበረም። ያቺ ቺፕ በገዛ እጁ ከተቃጠለች ለአባቴ እንደ ሁለተኛ ቀብር ይሆንበታል፤ ሁለተኛውን የሚችል አልመሰለኝም።

ስገባ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ትራንስፎርመሩ ወለሉ ላይ ያጉረመርማል፤ ጡብ የሚያክለው ኦርጅናል እሱ ላይ ተሰክቷል። ኮምፒውተሩ ግን ጋቢው ውስጥ ነው። አባቴ የመለኪያውን ሁለት ዘንጎች የአዳፕተሩ መሰኪያ ውስጥ ሰክቶ ይዟል።

"ስልክ ለምን አታነሳም?"

"እጄ ተይዞ። ነይ እዪ፣ አምስት ነበር።"

መለኪያው ስድስትን አልፏል። አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ጡቡ እየሞቀ በሄደ ቁጥር ቁጥሩ እየጨመረ ሄደ። ሰባት ሲል አባቴ ጎንበስ ብሎ ራሱ ነቀለው።

"ኦርጅናል ነበር" አለ፣ ስለ ሟች እንደሚወራ በቀስታ።

አዲሱን እሱ እስኪሰለቸው ድረስ ለካሁት፤ ከአምስት ንቅንቅ አላለም። ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ አገናኝቼ ስሰካው ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆኗል። አባቴ በአንድ ጣቱ እየፈለገ የእናቴን ስም ጻፈ። ነጥብ ነጥብ የሆኑት ፊደላት እንዳሉ ናቸው። የሚስቅበት ሰው ግን አልነበረም።

ስሟን ሲያይ ቆየና፣ ጋደም ልበል ብሎ ተነሣ።

"ላጥፋው?"

"አታጥፊው።"

"ይሞቃል እኮ አባዬ።"

"ትንሽ ይቆይ።"

የክፍሉን በር ሳይዘጋ ተኛ። ወደ ሥራ መመለስ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ትኩሳት ያለው ሕፃን ግንባር እንደሚዳሰስ፣ መዳፌን አዲሱ አዳፕተር ላይ አድርጌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ለብ ብሏል። ይበልጥ እየሞቀ ይሁን መዳፌ ይሁን መለየት አቃተኝ።

"አለች?" አለኝ ከውስጥ።

ቀና ብዬ ስሟን አየሁት።

"አለች፣ አባዬ።"